ድሬ ዳዋ ላይ እሳት ሲመረቅ

ወደ ድሬ ዳዋ ስሄድ ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ ትልቁ ብርድ ልብስ ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው በዚህ አይስቅም፤ እኛ ዘንድ ብርድ ልብስ ከእንግዳው ቀድሞ ቤት የሚገባ የክብር ዕቃ ነው። ድሬን የሚያውቅ ግን ይስቃል። ባቡሩ ውስጥ የነበሩትም ሳቁ።

የጉዞውን ምክንያት አስቀድሜ ላስረዳ፤ አንባቢ ምክንያቱን ሳያውቅ መንገድ መጀመር የለበትም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ አየር ብክለት በሚያወራው ምዕራፍ ላይ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሥዕል አለ። በየዓመቱ ሥዕሉን አሳያለሁ፣ ጭሱን እወቅሳለሁ፣ ተማሪዎቼ «ታዲያ ምን ይደረግ መምህርት?» ይሉኛል፣ ደወል ይደወላል፣ እድናለሁ። የፊዚክስ መምህርቷ ነጃ የድሬ ዳዋ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ቁጭ ብለን «የአባቴ ፋብሪካ አረንጓዴ ሊሆን ነው፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ይመረቃል» አለችኝ። የሴሚስተሩ እረፍት ደርሶ ስለነበር ደወሉን ሳልጠብቅ መልስ የማገኝበት ዕድል መጣ ብዬ ተነሣሁ። ነጃ አራስ ስለነበረች አልመጣችም። በምትኩ ለወላጆቿ ብርድ ልብሱን ላከች።

ቅዳሜ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት በጠዋት፣ ጋቢ ለብሼ ነው። አዲስ አበባ ስደርስ ጋቢውን አወለቅሁ። ለቡ አካባቢ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። አልጋ ሰጪዋ ሴትዮ ብርድ ልብሴን አይታ «የኛን አልጋ ንቀሽ ነው?» ብላ አኮረፈች። ለድሬ ዳዋ ሰው የተላከ ስጦታ መሆኑን ብነግራት አላመነችኝም። ጠዋት ስወጣ ግን ዳቦ በሻይ ሰጥታኝ «ለአንቺ አዝኜ ነው፤ ብርድ ልብስ ተሸክሞ በረሃ የሚወርድ ሰው ጤና የለውም» አለችኝ።

እሑድ

ባቡር ለመሳፈር ፍተሻ አለ። ፈታሹ ጥቅልሉን ጨምቆ «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ብርድ ልብስ።»

«ወዴት የሚሄድ?»

«ድሬ ዳዋ።»

ጓደኛውን ጠራና «እስቲ ለእሱም ንገሪው» አለኝ። ነገርኩት። ሁለቱም ከልባቸው ስቀው አሳለፉኝ። ቢጠረጥሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ባቡሩ ንጹሕ ነው፤ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ተሳፋሪው ልብስ ያወልቃል። አዋሽን ካለፍን በኋላ በመስኮት የሚታየው ሁሉ ደረቅ ሆኖ አንድ እሾሃማ ዛፍ ብቻ ለምልሞ አየሁ። ፕሮሶፒስ ይሉታል። ይህን ዛፍ ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው ነገር አይገባም። በረሃውን እንዲያቆም ተብሎ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። በረሃውን አላቆመም፤ ግጦሹን ግን ወረሰው። ፍየሎች ፍሬውን እየበሉ በየሄዱበት ይዘሩታል፤ ሲቆርጡት ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አንድ መልካም ጠባይ አለው፣ ሲነድ እሳቱ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ከውጭ በሚመጣ ድንጋይ ከሰል ፈንታ ይህን ዛፍ ከትፎ ምድጃው ውስጥ ሊነፋ ወሰነ። አረንጓዴነቱ ይኸው ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ነው፤ የሚያስቀው በላዩ ላይ የተለበሰው ነገር ነው።

የድሬ ዳዋው አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ይርቃል። ያሳፈረኝ የባጃጅ ሾፌር ወደ ሰማይ እያየ «ወላሂ ዘንድሮ ብርዱ ጉድ ነው፤ አንቺማ አውቀሽ ነው የመጣሽው» አለኝ። ጃኬት ለብሷል። እኔ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር።

የነጃ ቤት ገንደ ቆሬ ነው። እናቷ አዴ ዘይነባ በር ላይ ተቀበሉኝ። አዴ ማለት በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሶማሌውም አማራውም፣ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። ጥቅልሉን ፈትተው እዚያው ተከናነቡት። «ማሻአላህ፣ በብርድ ልናልቅ ነበር» አሉ፤ የምራቸውን ነው። የከሰዓት በኋላው ሙቀት እንኳ ገና አልበረደም። እኔ ሳህን ሙሉ ሩዝና ሳምቡሳ ፊቴ ተደርጎ ላቤን እጠርጋለሁ፣ እሳቸው የደብረ ብርሃንን ሱፍ ለብሰው «ብዪ እንጂ ልጄ» ይሉኛል።

«እርስዎስ አይበሉም?» አልኳቸው።

ወደ ኋላቸው ዞረው ተመለከቱ። «ማንን ነው የምትጠሪው? ሌላ ሰው መጥቷል እንዴ?»

በድሬ ትልቅም ትንሽም አንተና አንቺ ነው የሚባለው። እኛ ጋ አንድ መምህር የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አንተ ቢል ሽማግሌ ይላክበታል። ለቤቱ ሰዎች አንተና አንቺ ማለት በሁለተኛው ቀን ለመድኩ፤ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ ስላለ እዚህ በደብረ ብርሃን ደንብ አከብራቸዋለሁ።

የነጃ አባት ጋሽ ሙክታር ሲመሽ መጡ። ቁመታቸው ረጅም፣ ቅንድባቸው በእሳት ብዛት የሳሳ። ከእግር እስከ አንገት አዲስ አረንጓዴ ቱታ ለብሰዋል፤ በእጃቸው የቆሻሻ ከረጢት ይዘዋል። እንግዳ መኖሩን ሳያዩ ከረጢቱን ግቢው መሐል ጣሉት።

«ይኸው፤ ፈይሰል ሰጠኝ። ጎረቤቴ ፈይሰል። ‹አቦ ቆሻሻውን ስታልፍ ውሰድልኝ› አለኝ። መልኬን እንኳ አላየም። ቱታውን አይቶ ከከተማ ጽዳት ነው ያለኝ።»

አዴ ዘይነባ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ታዲያ ለምን ተቀበልከው?»

«ምን ላድርግ፤ ምስጋናውን አስቀድሞ ሰጠኝ።»

ሰኞ

ወደ ፋብሪካው የሄድኩት ከጋሽ ሙክታር ጋር በሠራተኛ ሰርቪስ ነው። ቀደም ሲል ከሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ከአቶ ቢንያም ጋር በስልክ ለስምንት ሰዓት ተቀጣጥረን ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮው ባዶ ነው። ዘበኛውም ተኝቷል። በድሬ ከምሳ በኋላ ከተማው ወይ ይተኛል ወይ ጫት ይቅማል። ስምንት ሰዓት ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ቀጠሮ መስጠት እንደማይፈልግ ማንም ያውቃል፣ ከደብረ ብርሃን ሰው በስተቀር። አቶ ቢንያም ፀሐይ ስትቀዘቅዝ ዓይናቸው በርቶ፣ አንደበታቸው ተፈትቶ መጡ። የሚናገሩት ሁሉ «አረንጓዴ» የሚል ቃል ነበረበት።

አረንጓዴው በር፣ አረንጓዴው አጥር፣ አረንጓዴው የራስ ቁር። የጭስ ማውጫው ሥር የአንድ ሰው ቁመት ያህል አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ መሰላሉ አልደረሰም። ወደ ጓሮ ስንዞር ትልቅ ኮረብታ በአረንጓዴ ሸራ ተሸፍኖ አየሁ።

«ከሸራው ሥር ምንድን ነው?»

«የሽግግር ነዳጅ ነው» አሉ አቶ ቢንያም።

ነፋሱ የሸራውን ጫፍ ገለበጠው። ድንጋይ ከሰል ነው። ዛፉ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ለጊዜው ከከሰል ጋር እንደሚቀላቀል ኋላ የፋብሪካው መሐንዲስ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ የሚያሳፍር ነገርም የለውም። አቶ ቢንያም ግን ሸራውን በጫማቸው መለሱት።

እኔ ደግሞ ሳላስረዳ አላልፍም። «ኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲጋገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ማገዶው ምንም ቢሆን። ለእሱስ ምን ታስቧል?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱ ድንጋዩ የሚለቀው ነው» አሉ፤ «እኛን አይመለከትም።»

ለተማሪዎቼ ጽፌ ያዝኩት።

ቀኑን ያተረፈልኝ ከበሩ ፊት ያለው ሻይ ቤት ነው። ሠራተኞቹ በቅመም ያበደ ሻይ እየጠጡ የሚያወሩትን ሳዳምጥ አንድ ነገር ደጋግሜ ሰማሁ፦ «እኔ የተቀጠርኩት በግርማ እሳት ነው»፣ «ያ ክረምት በአብዲ እሳት ነበር»፣ «ነጃ የተወለደችው በመጀመሪያው የሙክታር እሳት አይደል?» ጠየቅሁ፤ አስረዱኝ። ትልቁ ምድጃ፣ እነሱ ኪልን የሚሉት፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይነዳል። የሚቆመው የውስጡ ጡብ ሲቀየር ብቻ ነው። ዳግም ሲለኮስ ከነባር ሠራተኞች አንዱ በረጅም ብረት ጫፍ ላይ ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ አስሮ እሳቱን ይጭራል። ከዚያ ምድጃው እስኪቆም ድረስ እሳቱ በእሱ ስም ይጠራል። የኛ ሰው ዕድሜውን በጥምቀትና በመስቀል እንደሚቆጥረው እነዚህ በእሳት ይቆጥራሉ። እሳቱ ያለጊዜው ከጠፋ ደግሞ ውርደቱ የባለስሙ ነው፤ እስከሚቀጥለው እሳት ድረስ ሻይ ቤት ሲገባ «በሩን ዝጉ፣ ነፋስ መጣ» ይሉታል።

ኮንትሮል ሩም ውስጥ ኢክራምን አገኘኋት። ወጣት ናት፤ በስክሪን ፊት ተቀምጣ እሳቱን የምትቆጣጠረው እሷ ናት። አባቷ እዚያው ምድጃ ላይ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ወንዶቹ «የቴሌቪዥን እሳት ጠባቂ» ይሏታል።

«እጅሽ ተቃጥሎ ያውቃል?» ይሏታል ሲያልፉ።

«ዓይኔ እየተቃጠለ ነው፣ እናንተን ሳይ» ትላቸዋለች፤ ከስክሪኑ ዓይኗን አትነቅልም።

ማታ ቤት ውስጥ ነገሩ ወጣ። ለአዲሱ እሳት ሁሉም የሚጠብቀው ጋሽ ሙክታርን ነበር፤ ሁለት እሳት በስማቸው ነድዷል፣ ሦስተኛውም የእሳቸው ነው ተብሎ ታምኗል። እሳቸው ግን አልለኩስም ብለዋል። ሐሙስ ዕቃቸውን ሰብስበው ሥራውን ሊለቁ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ጠብቄ መጨረሻዬ እንጨት መጫን ነው?» አሉ። «ከሰል እሳት ነው። እንጨትማ የወጥ ቤት ነገር ነው።»

አዴ ዘይነባ ሽንኩርት የሚልጡበትን ቢላ አቆሙ። «የወጥ ቤት ነገር?»

«ለማለት ያህል ነው።»

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እንጨት እየማገድኩ አበላሁህ። ማን ባንዲራ ሰቀለልኝ? ማን ሪቫን ቆረጠልኝ? አሁን አንድ ፋብሪካ እንጨት ሊማግድ ቴሌቪዥን ተጠራ፤ አንተ ደግሞ እንጨት ናቅሁ ትላለህ። አቦ ከሁለት አንዳችሁ እፈሩ።»

ጋሽ ሙክታር ወጥተው ግቢ ተቀመጡ። አዴ ዘይነባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የራሳቸው ወንድም የድሮው ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ። ሥራው ሲቆም ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፍ ሥር መቀመጥ ጀመሩ፤ የማይመጣ ባቡር ሰዓት እየጠበቁ ከሰው ጋር ይጣሉ ነበር። «ብዙም ሳይቆይ ሞተ» አሉ። «ሙክታር እሳት ከሌለው ሙክታር አይደለም። እሱ ደሞ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው የመሰለው ከሰል ነው።»

ማክሰኞ

ምረቃው ረቡዕ ነው፤ የክብር እንግዳው አረንጓዴ ቁልፍ ተጭነው እሳቱን ይለኩሳሉ ተብሎ በባነር ተጽፏል። እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ ያስፈልጋል። ይህን የሚያህል ምድጃ በአንድ ቁልፍ አይሞቅም። ቀስ ብሎ፣ ቀን አልፎ ነው የሚግለው፤ በድንገት ቢሞቅ አዲሱ ጡብ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እሳቱ ማክሰኞ መለኮስ አለበት። ይህን ሥራ አስኪያጁ ያውቃል፣ መሐንዲሱ ያውቃል፣ አቶ ቢንያምም ያውቃሉ። የማያውቁት ባነሩና የክብር እንግዳው ብቻ ናቸው። ቁልፉ ከምን ጋር እንደተገናኘ መሐንዲሱን ብጠይቀው «ከአንድ አምፖል ጋር» አለኝ፤ ሳይስቅ።

ከምሳ በኋላ ሠራተኛው ምድጃው አፍ ዘንድ ተሰበሰበ። ረጅሙ ብረት ግድግዳ ተደግፏል። ጋሽ ሙክታር ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ከሰሉ ኮረብታ አዙረዋል። መሐንዲሱ ነባሮቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። «ሙክታር ያልነካውን እኔ አልነካም» ይላል አንዱ፤ ቀጣዩም እንደዚያው።

«እንግዲያው በኤሌክትሪክ እንለኩሰዋለን» አለ መሐንዲሱ። «ማሽኑ ይችላል።»

ሁሉም ወደ ረጅሙ ብረት ዞሩ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። በማሽን ከተለኮሰ ስም የለውም ማለት ነው፤ ልጆቻቸው በማንም እሳት አልተወለዱም፣ ሽማግሌዎቹ በማንም እሳት አልወጡም ማለት ነው። ግን ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ኩራት እንዲህ ነው፤ አገር ሲቃጠል ባልዲው ላይ ይቀመጣል።

ኢክራም ከኮንትሮል ሩም ወርዳ መጣች። ብረቱን አነሣች።

«ወሪያ፣ ሪሞቱን ትታ ብረት ያዘች» አለ አንዱ። ሳቁ።

ጨርቁን አስራ ናፍጣ ነክራ ለኮሰች። ወደ ምድጃው አፍ ሳትደርስ ጨርቁ ወደቀ። ሳቁ። ደግማ አሰረች፤ አሁን አልወደቀም፣ ግን ወደ ውስጥ ሲገባ ጠፋ። «ቻናሉን ቀይሪው» አለ ያው ሰውዬ። ፊቷ ቀላ፣ ብረቱን ግን አልለቀቀችም። ሦስተኛ ጨርቅ ማሰር ስትጀምር ከባልዲው አቅጣጫ ድምፅ መጣ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ ነው።

«ጥጥ አይደለም እንዴ የሰጧችሁ? ናይለን ነው የምታስሪው።»

«የሰጡኝን ነው ያሰርኩት» አለች ኢክራም።

«አትፍጠኚ። መጀመሪያ ይንጠፍ።»

«ጋሽ ሙክታር፣ ወይ ና ወይ ዝም በል።»

ተነሡ። መጡ። አንገታቸው ላይ ያለውን የራሳቸውን ጨርቅ ፈቱ፤ በላብና በአመድ የጠቆረ የጥጥ ጨርቅ ነው። ብረቱ ጫፍ ላይ ጠቅልለው፣ በሽቦ ጠምዝዘው፣ ናፍጣው ውስጥ ነክረው፣ እስኪንጠፍ ጠብቀው ሰጧት። «ሲገባ አትዪው። የሚያይ ዓይን ይሳሳታል። ክንድሽን ቀጥ አድርጊና ሂጂ» አሏት።

ሄደች። ከውስጥ ትልቅ ነገር የተነፈሰ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የምድጃው አፍ ብርቱካናማ ሆነ። ማንም አላጨበጨበም። በድሬ ሰው ለእሳት አያጨበጭብም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ብቻ ይላል።

ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ። «የሙክታር እሳት ነው፤ ጨርቁ የእሱ ነው» አሉ ነባሮቹ፤ እፎይ ያሉም መሰለኝ።

«ጨርቅ ስም አይሰጥም» አሉ ጋሽ ሙክታር። «ብረቱን የያዘ ነው። የኢክራም ነው።»

«አንተ ግን…»

«እኔ ሐሙስ ሄጃለሁ አቦ። የሄደ ሰው እሳት አለው እንዴ?»

ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ። ኢክራም ብረቱን ይዛ ቆማ ቀረች። ሻይ አመጣሁላት፤ ሁለት ጊዜ አፈሰሰችው።

ረቡዕ

ስለ ምረቃው ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ድንኳን ነበረ፣ ንግግር ነበረ፣ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረ፤ ባዶ ጠርሙሶቹ አረንጓዴው አጥር ሥር ተከመሩ። እንግዶቹ ችግኝ ተከሉ። የመጨረሻው ተናጋሪ ሳይቀመጥ ከሰፈር የመጡ ፍየሎች በአጥሩ ክፍተት ገብተው ችግኞቹን በተራ በሉ። ፍየሎች ለሰልፍ ጥሩ ተማሪዎች ናቸው፤ አንድም ችግኝ አልዘለሉም። ፕሮሶፒስ ቢተከል ኖሮ ቢያንስ ዘሩን ይዘው ይሄዱ ነበር።

የክብር እንግዳው ቁልፉን ተጫኑ። አምፖሉ በራ። ከትናንት ጀምሮ ሲግል ያደረው ምድጃ እንደ ነበረው ቀጠለ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር።

ጋሽ ሙክታር በነባርነታቸው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አቶ ቢንያም ናቸው ያስቀመጧቸው። ጋዜጠኛው ካሜራ አስከትሎ መጣና ማይኩን አቀረበላቸው።

«አባት፣ ክቡር እንግዳችን አሁን የለኮሱትን አረንጓዴ እሳት እንዴት አዩት?»

«የኢክራምን እሳት ማለትህ ነው?»

«አይ፣ አሁን የተለኮሰውን።»

«አሁን የበራው አምፖል ነው» አሉ፤ ያለ ቁጣ፣ እንደሚያስረዳ ሰው። «እሳቱ የኢክራም ነው። እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፣ ልጅቷም ገና ጀማሪ ናት። ስለዚህ ካጠገቡ ሰው መጥፋት የለበትም።»

«እርስዎ ግን ሊለቁ ነው ሲባል ሰማን?»

ጋሽ ሙክታር ወደ አቶ ቢንያም አዩ፤ ወሬውን ያወጣው ማን እንደሆነ ገባቸው። «የሚለቁም አሉ» አሉ። «እኔ ቀርቼ እሳቱን አየዋለሁ። እንጨት ግን አልጭንም። ይህን ጻፍ።»

ማታ በዜና አየነው። ጋሽ ሙክታር አንገታቸውን ሲነቀንቁ ይታያሉ፤ በላዩ ላይ የጋዜጠኛው ድምፅ «ነባር ሠራተኞችም በአረንጓዴው ሽግግር መደሰታቸውን ገልጸዋል» ይላል። አዴ ዘይነባ ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው «ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ተስማምተህ አይቼህ አላውቅም፤ ቴፑን ለምነህ አምጣልኝ» አሉ።

ሐሙስ

ጋሽ ሙክታር ሥራ ገብተው ስለነበር አልሸኙኝም። አዴ ዘይነባ ሐልዋ በካርቶን፣ ሳምቡሳ በላስቲክ አሸክመውኝ፣ የባጃጁን ሾፌር ቀስ ብሎ እንዲነዳ አስምለው ላኩኝ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሾፌሩ «ዝናብ ሲመጣ ይህን ሁሉ ይዞት ይሄዳል» አለኝ። አላመንኩትም። ደብረ ብርሃን ወንዝ ወንዝ ነው፣ ሜዳም ሜዳ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ለተማሪዎቼ ያየሁትን ነገርኳቸው፦ ሲሚንቶ በሚነቀል አረም ሊጋገር እንደሚችል፣ ከሰሉ በሸራ ሲሸፈን እንደማይቀንስ፣ ድንጋዩ የሚለቀውንም ሰው መቁጠር እንዳለበት። «ታዲያ ሠራተኞቹ ምን ሆኑ መምህርት?» አለችኝ አንዷ። ደወሉ ተደወለ። ይህኛው ግን አላዳነኝም፤ መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር።

ያወቅሁት ሚያዝያ ላይ ነው። ድሬ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ደቻቱ ሞልቷል ሲባል ሰምቼ ደነገጥኩና አዴ ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ሰፈሩ ደኅና ነው አሉኝ። ጋሽ ሙክታር ቤት መኖራቸውን ጠየቅሁ።

«ተኝቷል። የወገቡ ሕመም አልለቀቀውም። የኢክራም እሳት ሊጠፋ ነበር አይደል። ዝናቡ እንጨቱን አረጠበው፣ መክተፊያው ማሽን ታነቀ፣ ልጅቷ ስክሪኑ ፊት ታለቅሳለች አሉ። ነፋስ መጣ ይሏታል ብሎ ፈራላት መሰለኝ፤ ሰውዬው ከሸራ ሥር ደረቅ ደረቁን እየመረጠ ቀኑን ሙሉ በትከሻው ተሸከመ።»

«ምን ተሸከሙ?»

«እንጨት ነዋ።»

«እሳቱስ?»

«አልጠፋም። በሷ ስም እንደቆመ ነው።»

ደስ አለኝ፤ አላህ ይጠብቃቸው፣ ደግ ሰው ናቸው አልኩ። 

«ደግ ነው» አሉ አዴ ዘይነባ። «እዚህ ቤት ግን ከመጣሁ ጀምሮ ለኔ ምድጃ አንድ ጭራሮ አንሥቶ አያውቅም።»